ሌንሱ ንጹሕ ይመስላል፣ ማሽኑ ግን አይቆርጥም

ጠይቁ፣ ጠጋኙ ይመልሳል

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ርዕስ ላይ ተገናኝተዋል። ሁሉም የሚጠይቁት አየር ላይ ስላለው፣ ዓይን ስለማያየው ቆሻሻ ነው። የሌዘር ብርሃን በሚያልፍበት ኮቲንግ (የሌንስ ስስ ሽፋን) ላይ ሲያርፍ ምን ያደርጋል? እንዴትስ ይታወቃል? ረጅሙን ደብዳቤ አስቀድሜዋለሁ። ጸሐፊው የጠረጠሩትንም ያልጠረጠሩትንም ዘርዝረው ልከውልኛል፤ ጠጋኝ የሚወደው እንዲህ ያለውን ደንበኛ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ አካባቢ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ። የምሠራው በ80 ዋት የሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሌዘር ማሽን ነው። ጠዋት ላይ 6 ሚሊሜትር አክሪሊክ ፕላስቲክ ጥርት አድርጎ ይቆርጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ከታች ሳይለቅ ይቀራል። አጥፍቼው፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ደግሞ ደህና ነው። ሌንሱን አውጥቼ ሳየው ምንም የለበትም። በአዲስ ቀየርኩት፤ አዲሱም ሳምንት ሁለት ሳምንት ሠርቶ ያው ሆነ። የሸጠልኝ ሰው “ብርሃኑን የሚያመነጨው ቲዩብ አርጅቷል፣ ቀይር” ይለኛል። የቲዩብ ዋጋ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ለመረጃ ያህል፣ የአየር መንፊያውን የሳብኩት ከጎረቤቴ ጋራዥ ኮምፕሬሰር በጎማ ነው። ጋራዡ መኪና ቀለም ይረጫል። እኛም ቤት ከሰዓት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ይሄ ነገር ይገናኛል?

መልስ፦ ይገናኛል። ቲዩቡን ገና አይግዙ።

ከደብዳቤዎ ትልቁ ፍንጭ “ምሳ በልቼ ስመለስ ደህና ነው” ያሉት ነው። ያረጀ ቲዩብ ጠዋትም ደካማ ነው። ሲሞቅ የሚታመም፣ ሲቀዘቅዝ የሚድን ነገር ካለ ሁለት ቦታ እንፈልገዋለን፤ ወይ የቲዩቡ ማቀዝቀዣ ውሃ ሞቋል፣ ወይ ሌንሱ ሞቋል። ውሃውን ማጣራት ቀላል ነው። ማሽኑ መቁረጥ ሲያቅተው ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ይክተቱ። ከ30 ዲግሪ በላይ ካገኙ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። እኔ ግን ብዙም አልጠረጥረውም። አዲስ ሌንስ ሲገባ ማሽኑ ለጊዜው ይድናል ብለዋል፤ ውሃው ደግሞ ሌንስ መቀየሩን አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ሌንሱ። ያ ቢጫ ሌንስ ዚንክ ሴሌናይድ ይባላል። ኮቲንግ ባይኖረው ኖሮ ከእያንዳንዱ ፊቱ 17 በመቶ ያህሉን ብርሃን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ይህን የሚያስቀረው ከፀጉር በጣም የቀጠነ ሽፋን ነው። ጥሩ አዲስ ሌንስ ከሚያልፍበት ብርሃን የሚመጥጠው 0.2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከ80 ዋት ላይ ሲሰላ 0.16 ዋት ይሆናል፤ ሌንሱ አይሰማውም። ላዩ ቆሽሾ 5 በመቶ ቢመጥጥስ? 4 ዋት ነው። 20 ሚሊሜትር ስፋት ላላት ቁራጭ 4 ዋት ብዙ ነው። መሃሏ ይግላል፣ ዳሯ ቀዝቀዝ ይላል። ዚንክ ሴሌናይድ ሲግል ብርሃንን ይበልጥ ስለሚያጥፍ ፎከሱ (ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ) ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ሌንሱ ይቀርባል። ብርሃኑ አክሪሊኩ ላይ ሲደርስ ተበትኗል ማለት ነው። ምሳ በልተው ሲመለሱ ሌንሱ ቀዝቅዟል፣ ፎከሱም ቦታው ተመልሷል።

ይህን ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ማየት ይቻላል። አንድ ረዘም ያለ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ቁራጭ ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከሌላው 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው አጋድመው ያስቀምጡት። ኖዝሉ (ብርሃኑና አየሩ የሚወጡበት አፍ) እንዳይነካው መጀመሪያ ሌዘሩን ሳያበሩ መንገዱን ያስኪዱት። ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይሞቅ፣ በአነስተኛ ኃይል ከዝቅተኛው ጫፍ እስከ ከፍተኛው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መስመሩ በጣም የቀጠነበት ቦታ ፎከሱ ነው፤ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ሥራዎን ይሥሩ። መቁረጥ ሲያቅተው ሌንሱ ሳይቀዘቅዝ ያንኑ ጣውላ መልሰው ከጎኑ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ቀጭኑ ቦታ ወደ ከፍተኛው ጫፍ ከሄደ ሌንሱ ነው። ቦታው ሳይለወጥ መስመሩ በሙሉ ከፈዘዘ ግን የቀነሰው ኃይሉ ነው፤ ያኔ ወደ ውሃውና ወደ ቲዩቡ እንመለሳለን። ከሻጩ ጋር የሚከራከሩት ይህን ጣውላ ይዘው ነው።

“ሳየው ምንም የለበትም” ላሉት፣ ዓይንዎ አላታለለዎትም። የሚያዩበት ብርሃን ሌላ፣ ማሽንዎ የሚሠራበት ሌላ ነው። ሲኦቱ ሌዘር የሚሠራው በ10.6 ማይክሮሜትር ነው። ለእኛ እንደ ንጹሕ ብርጭቆ የሚታይ ነገር ለእሱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ሲሊኮን ዋነኛው ነው፤ በዚያ አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል። የኮምፕሬሰር ዘይት ራሱ ብዙም ላይመጥጥ ይችላል። ችግሩ የአክሪሊኩን ተንና የእንጨቱን ብናኝ መያዙ ነው። ከዚያ ሁሉም አብሮ ይጋገራል።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመለየት ሌንሱን መመርመር አይጠቅምም። ከሌንሱ ይልቅ እማኝ ያቁሙ። የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የማይክሮስኮፕ ስላይድ ይግዙ፤ ርካሽ ነው። አራት ስላይድ በደንብ አጥበው በንጹሕ አልኮል ያለቅልቁ። አንዱን የአየር ጎማውን ከማሽኑ ነቅለው አየሩ በቀጥታ እንዲነፋበት ከጫፉ ፊት ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ሁለተኛውን ማሽኑ ውስጥ ከኖዝሉ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ሦስተኛውን ቡና በሚቆላበት በኩል። አራተኛውን ንጹሕ ብርጭቆ ደፍተውበት ይተዉት፤ እሱ ለማወዳደሪያ ነው። ፌስታል ውስጥ ግን እንዳይከቱት። ፌስታል እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሚገባበት ቅባታማ ነገር ራሱ ወጥቶ መስታወት ላይ ያርፋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስላይዶቹን ጎን ለጎን አድርገው ትንፋሽ ይበሉባቸው። ንጹሕ መስታወት እኩል ይደበዝዛል፣ እኩል ይጠራል። ቅባት ያለበት በነጠብጣብና በጅራት ይደበዝዛል። ይህን በስላይዱ ላይ ብቻ፤ ሌንሱ ላይ እንዳይተነፍሱ። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከመስታወቱ ጋር ሊተኛ ምንም ሳይቀረው ያብሩበት። ብናኝ ካለ እንደ ከዋክብት ብልጭ ብልጭ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምናልባት ከጎንዎ ካለው ሱቅ አለ፤ የሐሰት ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት። ብዙ የማሽን ዘይቶች ከሥሩ ሰማያዊ ሆነው ይፈካሉ። መብራቱን በቀጥታ አይዩት። ደግሞም ስላይዱ ካልፈካ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሲሊኮን አይፈካም። ጋራዥ የመኪና ፖሊሽ ከተጠቀመ ወይም እርስዎ ራስዎ ማሽኑን የሲሊኮን ስፕሬይ ከረጩት የትንፋሹን ፈተና ይመኑ።

ስገምት አየሩ የሚነፋበት ስላይድ ነው የሚያጋልጠው። በዘይት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ዘይቱን ከአየሩ ጋር ይልካል፤ ያ አየር ደግሞ በቀጥታ ሌንስዎ ሥር ይገባል። ሌንሱን ከጭስ እንዲጠብቅልዎ የገጠሙት አየር ራሱ እየቀባው ነው። ኮምፕሬሰር ላይ የሚገባው ፊልተር ጠብታውን ይይዛል እንጂ ተኑን አይዝም። ለተኑ አክቲቬትድ ካርቦን (ተን የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ) ያስፈልጋል። የእኔ ምክር ግን አጭር ነው፦ ከጋራዡ ይለያዩ። ያለ ዘይት የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይግዙ፤ አየር የምትስብበትን ጫፍ ቀለም ከሚረጭበትና ከራስዎ ጭስ ማስወጫ ያርቁ። ጎማውንም ይጣሉት። ውስጡ ዘይት ጠጥቷል፤ ፓምፑ አዲስ ቢሆንም ጎማው ለወራት መትፋቱን አይተውም። አየሩ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ከመቁረጥዎ በፊትም ሲጨርሱም ጥቂት ደቂቃ እንዲነፋ ይተዉት።

ቡናውን አቁሙ አልልም። ማን ይሰማኛል! ግን ቡና መቁላቱም ዕጣኑም ማሽኑ ካለበት ክፍል ይውጣ፤ ሁለቱም ጭሳቸው ቅባት አለው። ደግሞ አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚቆርጡ ከሆነ ይተዉት። ፒቪሲ ከሆነ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል። ለሌንሱም ለማሽኑ ብረትም ለሳንባዎም መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጠጋኙ። አዳማ ነው ያለሁት። ሌንስ ማጽጃ አልኮል ጠፋብኝ። ጓደኛዬ “ካቲካላ ከሁሉ ይበልጣል፣ ጠንካራ ነው” አለኝ። ቀልዱን ነው እውነቱን?

መልስ፦ ጓደኛዎ ካቲካላው የት እንደሚያልቅ አይቶ ይሆናል። ካቲካላ ውሃም አለው፣ ከእህሉና ከጌሾው የመጣ ሌላም ነገር አለው። አልኮሉ ሲተን ያ ሁሉ ሌንሱ ላይ ይቀራል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውሃ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ግሊሰሪን ይገባበታል፤ እሱን በጭራሽ።

ማንኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀምዎ በፊት አንድ ጠብታ ንጹሕ ስላይድ ላይ ያድርጉና ይድረቅ። የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩበት። ክብ ምልክት ከቀረ ሌንስዎም ላይ ይቀራል። ለኮቲንግ የሚሆነው ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም ንጹሕ አሴቶን ነው።

አጠራረጉም እንዲሁ። መጀመሪያ ብናኙን በጎማ ፊኛ ያባርሩ፤ በአፍ አይንፉ፣ ምራቅ አለው። ከዚያ በሌንስ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርገው ወረቀቱን በሌንሱ ላይ በራሱ ክብደት አንድ ጊዜ ይጎትቱት፣ ይጣሉት። ማሸት የለም፣ መመላለስ የለም፣ የሸሚዝ ጫፍ የለም። እኔ ጋ ከሚመጡት ሌንሶች ብዙዎቹን የገደላቸው ከቆሻሻው ይልቅ ማጽዳቱ ነው። ሌንሱ ከተሰበረ ወይም ከተቃጠለ ደግሞ ስብርባሪውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ሴሌኒየም አለበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባህር ዳር የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ስለ ትልልቆቹ ሌዘሮች ልጠይቅዎ። ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ያለው የኑክሌር ውህደት የሚሞክሩበት ሌዘር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌንሶች አሉት። እያንዳንዱ ላይ ቅባት ማረፉን እንዴት ያውቃሉ? ሁሉንም እየፈቱ አያዩ። እኔስ እዚህ ልሞክረው የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ የሚባለው ያ ሌዘር 192 ጨረር አለው። ዲሴምበር 5 ቀን 2022 በ2.05 ሜጋጁል ብርሃን መትተው 3.15 ሜጋጁል የውህደት ኃይል ያገኙበት እሱ ነው። እዚያ ያለው ኮቲንግ ከመርካቶው የባሰ አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

መስታወት ከእያንዳንዱ ፊቱ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ያን ለማጥፋት አንድ ነጠላ ሽፋን ቢደረግበት የሽፋኑ የብርሃን ማጠፍ መጠን የመስታወቱ ስኩዌር ሩት መሆን አለበት፤ የ1.5 ስኩዌር ሩት 1.22 ነው። እንዲህ ዝቅ ያለ ጠጣር ነገር ማግኘት ይከብዳል። መፍትሔው ሶልጄል ነው። እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ይደረደራሉ፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት አየር ነው። ሲሊካውና አየሩ ተደማምረው 1.22 አካባቢ ይሆናሉ። ኃይለኛ ብርሃንም ይችላል። አሁን ችግሩን አስበው። ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ ተን ይጠጣል። ከጎማ ማሸጊያ፣ ከፕላስቲክ፣ ከፓምፕ ዘይት የሚወጣ ተን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲገባ የአየሩን ቦታ ይይዛል። 1.22 ከፍ ይላል፣ ነጸብራቁ ይመለሳል። የተመለሰው ብርሃን ደግሞ ያልታሰበ ቦታ አርፎ ሌላ መስታወት ሊጎዳ ይችላል።

መልሱ ከመርካቶው ብዙም አይርቅም፤ ሌንሱን አትፍታ፣ እማኝ አቁም። እዚህ ግን እማኙ ራሱ ይናገራል። የኳርትዝ (የሲሊካ ክሪስታል) ቁራጭ በኤሌክትሪክ ሲነዳ በቋሚ ፍሪኩዌንሲ ይንቀጠቀጣል። ላዩ ላይ ክብደት ሲያርፍ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። ይህን ከክብደቱ ጋር በቀመር ያያያዘው ጀርመናዊው ሳወርብሬይ ነው፣ በ1959። በ5 ሜጋኸርዝ ኳርትዝ ላይ 1 ኸርዝ መውረድ ማለት በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 17.7 ናኖግራም ነው። ራስህ አስላው። 1 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የዘይት ሽፋን በስኩዌር ሴንቲሜትር 90 ናኖግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲው 5 ኸርዝ ያህል ይወርዳል። ከ5 ሚሊዮን ላይ 5! ግን ፍሪኩዌንሲ በጣም በትክክል የምንቆጥረው ነገር ስለሆነ ይታያል።

ከዚህ የሚበልጥ ንቁ ዘዴ ሞገዱ በኳርትዙ ገጽ ላይ ብቻ የሚሮጥበት ነው። ብልሃቱ ደስ ይለኛል፦ ኳርትዙን ሌንሱ በተቀባበት በዚያው ሶልጄል መቀባት። ያኔ እማኙ የሚጠጣው ተን ሌንሱ የሚጠጣውን ነው። ባዶ ኳርትዝ ላይ የማያርፍ ቀላል ተን እንኳ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል፤ ባዶውን ብትመዝን ሌንሱ ደህና ነው ብለህ ትሸወዳለህ።

ጠፈር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየር በሌለበት ከማጣበቂያና ከሽቦ ልባስ የሚወጣ ተን መስታወት ላይ ሲያርፍ አልትራቫዮሌት ሌዘር ሰባብሮ እዚያው ያጠቁረዋል። ነፋስ ለመለካት በኦገስት 2018 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ኤዮለስ በ355 ናኖሜትር የምትሠራ ነበረች። ለዓመታት ካዘገዩዋት ችግሮች አንዱ ይሄው ነው። መፍትሔያቸው በሌዘሩ ውስጥ ጥቂት ኦክስጅን ማስገባት ሆነ። ኦክስጅን ሲኖር ብርሃኑ የሰባበረው ካርቦን ተቃጥሎ ይሄዳል። ሥራዋን ሠርታ በጁላይ 2023 ወደ ምድር ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች።

አንተ ልትሞክረው የምትችለው? ሁለት ነገር። የ5 ሜጋኸርዝ ኳርትዝ ካገኘህ ሁለት ግዛ፤ አንዱን ክፈተው፣ አንዱን ዝጋው፣ ልዩነታቸውን መዝግብ። አንዱን ብቻ ከለካህ የባህር ዳርን ሙቀት እየለካህ ነው፤ ኳርትዝ ለሙቀትም ይነቃነቃል። ሁለተኛው፣ የኬሚስትሪ ክፍላችሁ ኤፍቲአይአር (ንጥረ ነገርን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ካለው ስላይድህን ክፍሉ ውስጥ አቆይተህ በጥቂት ንጹሕ አሴቶን እጠበው፤ ፈሳሹን አድርቀህ ቀሪውን አስለካ። በግራፉ ላይ 2900 (በሴንቲሜትር የሞገድ ብዛት) አካባቢ ጉብታ ካየህ ቅባት ነው። 1260 ላይ ሹል ነገር ካየህ ሲሊኮንን ጠርጥር። አሴቶኑን ብቻ አድርቀህ ማስለካትም አትርሳ፤ አለበለዚያ የጠርሙሱን ክዳን ታጠናለህ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ። በሌዘር የዓይን ሕክምና ላደርግ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ነርሷ “ሽቶ አትቀቢ፣ ኩልም ሎሽንም ይቅር” አለችኝ። ኩሉ ይገባኛል። ሽቶውስ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ነርሷ ልክ ናት። ኮርኒያን (የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) የሚቀርጸው ሌዘር በ193 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ነው የሚሠራው። ይህን ብርሃን ብዙ የካርቦን ተኖች ይመጥጡታል። ሽቶ ደግሞ ሥራው መትነን ነው። ተኑ ብርሃኑ በሚያልፍበት አየር ውስጥ ሲገባ ኃይሉን ይቀንሳል። ብርሃኑ የሰባበረው ደግሞ ከመስታወቶቹ ኮቲንግ ላይ ይለጠፋል።

አንቺ ረስተሽ ብትቀቢ ዓይንሽ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ እንዳትፈሪ። ማሽኑ ኃይሉን ራሱ ይለካል፤ ባለሙያዎቹም ከሕክምናው በፊት በመሞከሪያ ቁራጭ ላይ መትተው ያረጋግጣሉ። ግን በየቀኑ ብዙ ሰው የሚገባበት ክፍል ነው፤ የሁሉም ሽቶ ይጠራቀማል። ኩሉና ሎሽኑ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ ቅንጣታቸው ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባና እንዳይመረቅዝ ነው። የፀጉር ቅቤም ካለ ከቀደመው ቀን ታጠቢው። አብሮሽ የሚመጣ ሰው ካለም ሽቶውን ቤት ይተወው፤ አጃቢዎችን ማንም አይነግራቸውም።